ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ስለ መጎብኘት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 1 በቁጥር 27፥ በእግዚአብሔር ፊት ነቀፋ የማይገኝባት አምልኮት የትኛዋ እንደ ሆነች ሲያስረዳ፥ አባትና እናት የሞቱባቸውን ልጆችና ባል የሞተባቸውን ሴቶች በጭንቀታቸው ጊዜ ሄዶ መጎብኘት መሆኑን ያስተምረናል። ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ስለ ሆነ፥ ለእጓለ ማውታ መራራት እንደሚገባ ያልሰማ ምእመን አይገኝም። ዳሩ ግን መጎብኘት የሚለው ቃል በዘመናችን አንደበት ሁለት ትርጉም ይዞ ይገኛል። የመጀመሪያው፥ የተቸገረውን ሰው ሄዶ ማየት፥ ያጣውን ማሟላት፥ ከችግሩም እስኪወጣ ድረስ ከእርሱ አለመለየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አገር ጎብኚ እንደሚያደርገው፥ አዲስ ነገር አይቶ፥ ተደስቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ መጡበት መመለስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው፥ ወላጅ የሌላቸው የተባሉትን ሕፃናት በየትኛው መንገድ እየጎበኘናቸው እንደ ሆነ ነው።

የጌታችን ጉብኝት ከፊተኛው ወገን ነው። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተፈታ ጊዜ እግዚአብሔር ወገኖቹን እንደ ጎበኘና እንደ ታደጋቸው መስክሯል (ሉቃ. 1፥68)። ይህም ጉብኝት ከሩቅ አይቶ ማለፍ አልነበረም። ከእመቤታችን ሥጋን ነሥቶ፥ በበረት ተወልዶ፥ በድኃ ቤት አድጎ፥ 33 ዓመት በመካከላችን ኖሮ፥ በመጨረሻም ነፍሱን ስለ እኛ ሰጠ። ወደ መከራውም በሚሄድበት ሌሊት፥ ወላጅ እንደ ሞተባቸው ልጆች አድርጎ እንደማይተዋቸው ለደቀ መዛሙርቱ ተስፋ ሰጣቸው (ዮሐ. 14፥18)። እንግዲህ ክርስቲያን የተቸገረ ሕፃን ሊጎበኝ ከቤቱ ሲነሣ መለኪያው ይህ የጌታ ጉብኝት ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከአዲስ አበባ በላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ፥ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ከተማቸውን አድርገው በተቀመጡበት ስፍራ፥ የእመቤታችንና የቅዱስ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ወደዚህ ተራራ የሚወጡት ሰዎች ግን ሁሉም በአንድ ምክንያት አይወጡም። መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤልን በዓል ለማክበር፥ በየጊዜውም ለጸሎትና ለጠበል የሚመጡ አሉ። ቤተ መዘክሩን፥ የጥንቱን ቤተ መንግሥትና ከሥር የተዘረጋውን ከተማ ለማየት ከውጭ አገርና ከአገር ውስጥ የሚመጡ ጎብኚዎች አሉ፤ የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ለሽርሽር የሚወጡ ተጨምረዋል። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፥ አንዳንድ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ቁልቁለቱን ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸውም ከኋላቸው እየተከተሉ ይወርዳሉ። ጎብኚው ከመኪናው ወርዶ ብዙ ጊዜ የሚያየው ልጁን ነው፤ ከረሜላና ብር የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣውም ልጁን ነው። ሸክም የተጫነችው እናት ግን ሳትታይ ታልፋለች። ለመናገር ያሰብነው ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም ልጁን አይቶ እናቱን ያላየ ርኅራኄ፥ ልጁንም ቢሆን በሚገባ አላየውም ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብዙ ወጣቶች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ወደ አፍሪካና ወደ እስያ እየሄዱ፥ በሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች ልጆችን ሲያጫውቱ፥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ፥ ግድግዳ ሲቀቡ ይሰነብታሉ። የበጎ ፈቃድ ጉዞ ይባላል። ጉዞውን አሰናድተው ገንዘብ የሚቀበሉበት ድርጅቶችም አሉ። ከባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ለጥምቀት ወይም ለክረምት ዕረፍት ሲመጡ፥ ልጆቻቸውን ችግር ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ብለው ወደ ማሳደጊያ ቤት ይወስዷቸዋል። በከተማችንም ያለነው ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። የልደትን ቀን፥ የምረቃን ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም ሠርግን ሳይቀር በማሳደጊያ ቤት ኬክ ቆርሶ ማክበር፥ ከሕፃናቱም ጋር የተነሡትን ሥዕል በፌስቡክና በቲክቶክ መግለጥ የተለመደ ሆኗል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች አብዛኞቹ በቅን ልቡና ተነሣሥተው እንደሚያደርጉት አይካድም፤ ስለ ሰጡት ዳቦና ልብስም ሊነቀፉ አይገባቸውም። ነገር ግን ቅን ልቡና ብቻውን አይበቃም። ሐኪም በቅን ልቡና የተሳሳተ መድኃኒት ቢሰጥ በሽተኛው ይጎዳል፤ እንዲሁም ምጽዋታችን በተቀባዩ ላይ ምን እንደሚሠራ መመርመር የሰጪው ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት በሕፃኑ ልብ ላይ የሚደርሰው ነው። ሕፃን በተፈጥሮው ልቡን የሚያሳርፍበት፥ ጠዋት የነበረ ማታም የማይጠፋ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፥ ሕፃን ከእናቱ ወይም በእናቱ ፈንታ ሆና ከምታሳድገው ሴት ጋር ሞቅ ያለና የማይቋረጥ ፍቅር ከሌለው አእምሮው እንደሚጎዳ አስረድቷል። በሩማንያም ከ100,000 በላይ ሕፃናት በመንግሥት ማሳደጊያ ቤቶች ተከማችተው በተገኙ ጊዜ የደረሰውን ጉዳት ዓለም ሁሉ አይቷል። በዚያው አገር በቡካሬስት ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 136 ሕፃናትን የተከታተሉ ሊቃውንት፥ ከማሳደጊያ ወጥተው በቤተሰብ እጅ የገቡት፥ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፥ በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ በማስተዋልም ሰውን በመውደድም ተሽለው አግኝተዋቸዋል።

ይህን የማያውቅ ጎብኚ በሩን ገና ሲገባ ሕፃናቱ እየሮጡ መጥተው ሲያቅፉት ፍቅር ያገኘ ይመስለዋል። በእናቱ እጅ ያደገ ሕፃን ግን እንግዳ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያደርገው ከእናቱ ቀሚስ ኋላ መሸሸግ ነው፤ ቆይቶ፥ እናቱ ስትስቅ አይቶ፥ ቀስ እያለ ይቀርባል። ያላየውን ሰው ሁሉ እንደ እናቱ የሚያቅፍ ልጅ፥ የሚሸሸግበት ቀሚስ ያጣ ልጅ ነው። ጎብኚው ሁለት ሳምንት አቅፎት፥ አጫውቶት፥ ስሙን ጠርቶት ይሄዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሌላው ይተካል። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰው ቢለዋወጥ፥ ሕፃኑ በአንድ ዓመት ውስጥ 26 ጊዜ ወድዶ 26 ጊዜ ይተዋል ማለት ነው። ትልቅ ሰው እንኳ ይህን ያህል መለየት አይችልም። ጎብኚው ወደ አገሩ የሚወስደው መልካም ትዝታ፥ ለሕፃኑ አንድ ተጨማሪ ኀዘን ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳት በሕፃኑ ቤት ላይ የሚደርሰው ነው። እጓለ ማውታ የሚለው የግእዝ ቃል ወላጅ የሞተበት ልጅ ማለት ነው። ዛሬ ግን በዚህ ስም በማሳደጊያ ከሚኖሩት መካከል እናቱ በሕይወት ያለችለት ብዙ ነው። በካምቦድያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የማሳደጊያ ቤቶች ቁጥር 75 በመቶ ጨመረ። ዳሩ ግን ጉዳዩ ሲመረመር፥ በዚያ ከሚኖሩት ከአራት ልጆች ሦስቱ ያህል ከእናትና ከአባታቸው ቢያንስ አንዱ በሕይወት እንዳለ ታወቀ። ታዲያ ቤቶቹ ለምን በዙ ቢባል፥ ጎብኚዎችና ገንዘባቸው ስለ በዙ ነው። በጎብኚ ገንዘብ የሚኖር ቤት ባዶ ሆኖ ሊታይ አይችልም፤ ሕፃን ያስፈልገዋል። ሕፃኑ ከሌለ ወደ ድኃ መንደር ሄዶ፥ ልጅሽን አስተምርልሻለሁ፥ ጠግቦ ያድርልሻል ብሎ እናቲቱን የሚያባብል ሰው አይጠፋም።

ይህ ዓይነት ማባበል በእንጦጦ ሥር ለምንኖረው አዲስ አይደለም። ከጋሞ ደጋ ትንንሽ ልጆችን ትምህርት ታገኛላችሁ እያሉ አምጥተው በሽሮ ሜዳ ሰፈር በሸማ ሥራ ጉድጓድ ውስጥ ሲያውሏቸው እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ወላጆቹ ልጃቸውን የሸኙት ጠልተው ሳይሆን በተስፋ ነው። የወላጅን ተስፋ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው በሸማ ቤትም በማሳደጊያ ቤትም ሥራው አንድ ነው።

በአገራችን በውጭ አገር ጉዲፈቻ የደረሰውም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ የበጀት ዓመት ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት ተወስደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ደግሞ ወደዚያው አገር የተወሰዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አፍቃሪ ቤተሰብ አግኝተው አድገዋል። ነገር ግን ከልጆቹ መካከል በሕይወት ያሉ ወላጆች ያሏቸው፥ ወላጆቻቸውም ልጃቸው ተምሮ የሚመለስ እንጂ ለዘለዓለም የሚለይ ያልመሰላቸው መኖራቸው እየታወቀ መጣ። መንግሥትም በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚታዩትን ጉዳዮች ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። ጉዲፈቻና የበጎ ፈቃድ ጉብኝት አንድ ነገር አይደሉም። የሁለቱ ሥር ግን ሊገናኝ ይችላል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሕፃን ሲፈልግ፥ ፈላጊውን አይቶ ሕፃን የሚያቀርብ ይነሣል። ሕጉ አንደኛውን በር ዘግቷል፤ ሁለተኛውን በር መጠበቅ ግን የጎብኚውና የአስተናጋጁ ሕሊና ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ለመናገር የሚከብድ ነው፤ ዳሩ ግን በዝምታ ማለፍ ኃጢአት ይሆናል። በጎቹ ባሉበት ተኩላ ይመጣል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ምክንያት ወላጅ ላጡ ልጆች በወሎ በጃሪ በተቋቋመው መንደር፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኃላፊ የነበረ አንድ የእንግሊዝ አገር ሰው በወንዶች ልጆች ላይ ነውር መሥራቱ ተረጋግጦ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በጎረቤታችን በኬንያም፥ ከአሜሪካ ከኦክላሆማ ግዛት መጥቶ በናይሮቢ በሕፃናት መጠለያ በበጎ ፈቃድ ያገለግል የነበረ ወጣት በሕፃናቱ ላይ በሠራው ክፋት፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሩ ፍርድ ቤት የ40 ዓመት እስራት ተቀብሏል። ይህን የምንጽፈው እንግዳውን ሁሉ እንድንጠረጥር አይደለም። ነገር ግን ማንም ሳይመረመር፥ የመጣበት ሳይጠየቅ፥ በቸርነቱ ብቻ ተማምነን ወደ ሕፃናት መኝታ ቤት የምናስገባው ከሆነ፥ በሩን የከፈትነው እኛ ነን። ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የሚጠብቀውን ፍርድ ጌታ ምን ያህል አስፈሪ አድርጎ እንደ ተናገረ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ተጽፏል፤ ጠባቂውም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለም።

አራተኛው በሕፃኑ ክብር ላይ የሚደርሰው ነው። ጌታ በተራራው ስብከቱ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው መለከት እንዳያስነፋ፥ ቀኙ የሠራውንም ግራው እንኳ እንዳታውቅ አዝዟል (ማቴ. 6፥1-4)። በዛሬ ዘመን መለከቱ ፎቶግራፍ ነው። ሰው የራሱን ልጅ በረኃቡና በዕንባው ጊዜ ሥዕሉን አንሥቶ ለማያውቀው ሕዝብ አያሳይም። ወላጅ የሌለውን ግን የሚከለክልለት ስለሌለ እናሳየዋለን። ያ ሕፃን ነገ አድጎ ተማሪ፥ ሠራተኛ፥ ካህን ወይም የቤተሰብ አባት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን በአምስት ዓመቱ የዳቦ ቁራሽ ሲቀበል የተነሣው ሥዕል ከፊቱ ይቆየዋል። በቅዱስ መጽሐፍ ባለጠጋው በሚበላበት ማዕድ የተቀመጠ ድኃ አላፈረም፤ ለታዛቢ የቀረበ ድኃ ግን ያፍራል።

አሁን ቅዱሳት መጻሕፍት የሕፃንን መከራ እንዴት እንዳቃለሉ እንመልከት። ሙሴ በአባይ ወንዝ በተጣለ ጊዜ የፈርዖን ልጅ አግኝታ ራራችለት። ወደ ቤተ መንግሥት ወስዳ ለሞግዚቶች ከመስጠት ይልቅ፥ ከዕብራውያን አንዲቱን አጥቢ አስጠራች፤ የተጠራችውም የሕፃኑ ወላጅ እናት ነበረች። ደመወዝም እየተቀበለች የገዛ ልጇን አጠባች (ዘፀ. 2፥7-10)። ባዕዲቱ ያደረገችው ርዳታ ገንዘቡን ለእናቲቱ አድርሶ፥ ሕፃኑን በእናቱ ጡት አቆየው። ነቢዩ ኤልያስ በሰራፕታ የመበለቲቱን ልጅ ከሞት ባስነሣው ጊዜ፥ ደቀ መዝሙሬ ይሁን ብሎ አልወሰደውም፤ ከሰገነት አውርዶ ለእናቱ ሰጣት (መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 17)። ጌታችንም በናይን ከተማ የመበለቲቱን ልጅ ከቃሬዛው አስነሥቶ እንዲሁ ለእናቱ ሰጣት (ሉቃ. 7፥15)።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚስማማው ግን የነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ነው (መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4)። አንዲት መበለት ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ ባለዕዳውም ሁለቱን ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት መጣ። ነቢዩ ልጆቹን የሚያሳድግ ቤት አልፈለገላትም። በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት፤ ከዚያች ከጥቂቷ ዘይትም እግዚአብሔር አበዛላት። ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር ኖረች። ልጆቹን ከእናታቸው ሊለይ የነበረው ዕዳ እንጂ የፍቅር ማነስ አልነበረም፤ ስለዚህ የተከፈለው ዕዳው ነበር። ቅዱስ ያዕቆብም ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን በአንድ ቃል አያይዞ መጥራቱ በከንቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መበለቲቱ የእጓለ ማውታው እናት ናትና።

በእንጦጦም ይህን የመሰለ ነገር በዐይናችን አይተናል። የኤድስ በሽታ በጸናበት ዘመን ብዙ ሕሙማን፥ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ያሏቸው እናቶች፥ በጠበሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ለብዙዎቹ ልጆች የታሰበላቸው ማሳደጊያ ቤት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የበሽታው መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፥ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ሆኑ እንደማይጣሉ፥ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ባስተማሩ ጊዜ፥ በሁለቱ ተረድተው የዳኑ እናቶች ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው አሳደጉ። ከዚህ የበለጠ የእጓለ ማውታ ርዳታ ምን ይገኛል? የእናቲቱን ሕይወት ማትረፍ ልጁን እጓለ ማውታ ከመሆን ማዳን ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሥራ በፎቶግራፍ አይታይም፤ መድኃኒቷን ውጣ እንጨቷን ተሸክማ የምትሄድ እናት ብቻ ትታያለች።

እዚህ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። በእውነት ማንም የሌላቸው ሕፃናት አሉ፤ እነርሱን ማን ይጎብኝ? ማሳደጊያ ቤትስ ሁሉ ክፉ ነውን? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ክበበ ፀሐይ፥ እንደ ቀጨኔና እንደ ኮልፌ ያሉ ቤቶች ለተጣሉና ዘመድ ላልተገኘላቸው ልጆች መጠጊያ ሆነዋል፤ መጠጊያ ማጣት ከሁሉ የከፋ ነውና። በ2001 ዓ.ም. የወጣውም የአገራችን መመሪያ ማሳደጊያ ቤትን አይከለክልም፤ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲጠፋ የሚደረስበት የመጨረሻ ስፍራ አድርጎ ይወስነዋል። በሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን ክብካቤ የማግኘት መብት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፥ በማሳደጊያ ቤቶች ከሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት የሚመጣውን ጉዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ አሳስቧል።

የወላጅ ያህል የሆኑ ሰዎችም ነበሩን። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፥ በመንገድ ላይ በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አገኙ። አዝነው አላለፉም፤ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ። ቤተሰባቸው ከልጆቹና ከቤትሽ ምረጪ ባላቸው ጊዜ ልጆቹን መረጡ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም አልተለዩአቸውም። እርሳቸው ለመሳለም እንጂ ሕፃን ለመጎብኘት አልሄዱም ነበር፤ ጉብኝታቸው ግን ዕድሜ ልክ ሆነ። ከባዕድ አገር ከመጡትም፥ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከባለቤታቸው ጋር ከአውስትራልያ ለጥቂት ዓመት ውል መጥተው፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በአዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ከ60 ዓመት በላይ አገልግለዋል። በወሊድ የተጎዱ እናቶችን ከማዳናቸውም በላይ የአገሩን ልጆች ሙያቸውን አስተማሩ፤ እርሳቸው ሲሄዱም ሥራው አልቆመም። ሁሉ ሰው ዕድሜውን እንዲሰጥ አይጠየቅም። ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው ግን ለአጭር ጊዜ የሚበቃ ሥራ ይሥራ፤ ሐኪሙ ሐኪሞችን፥ መምህሩ መምህራንን፥ ግንበኛው ግንበኞችን ያስተምር፤ የሕፃኑን ልብ ግን ለሚቆይለት ይተውለት።

ንጉሥ ሰሎሞን ስለ አንድ ሕፃን የሚከራከሩትን ሁለት ሴቶች በፈረደ ጊዜ፥ እውነተኛዋ እናት የታወቀችው ልጁ እንዳይጎዳ ብላ መብቷን በለቀቀች ጊዜ ነው። ሕፃናትን እወዳለሁ የሚልም ሁሉ በዚህ ይፈተናል። ማቀፌ ይጎዳዋል ቢባል ማቀፉን ይተዋልን? ስሙ ሳይጠራ፥ ሥዕሉ ሳይነሣ፥ ልጁንም ሳያየው ለእናቱ መስጠት ይችላልን? ይህን የሚችል ሰው በእውነት የሚወደው ሕፃኑን ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለውን በሥራ እንድናውለው እንመክራለን።

አንደኛ፥ በየአጥቢያው ያለው ሰበካ ጉባኤና የሰንበቴ ማኅበር፥ በሰፈሩ ልጇን ለመስጠት የተቃረበችውን እናት ቀድሞ ይወቃት። ኪራይ፥ የትምህርት ቤት ደብተር፥ የጤና ወጪ፥ ትንሽ መነገጃ፤ ብዙውን ጊዜ ልጅን ከእናቱ የሚለየው ከእነዚህ አንዱ ነው። ከአሜሪካ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ለአውሮፕላን ብቻ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ይህ ገንዘብ በአንዲት እንጨት ለቃሚ እናት ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችን ያስቡት።

ሁለተኛ፥ ማደጎንና የክርስትና ልጅነትን እናድስ። አባቶቻችን የጎረቤት ልጅ ወላጁ ሲሞት ለማን ይሰጥ ብለው አልተጨነቁም፤ አክስቱ፥ አጎቱ፥ የክርስትና እናቱ ወሰደችው። የክርስትና አባትነት በጥምቀት ቀን ማዕተብ ማሰር ብቻ አይደለም፤ ወላጅ ሲጎድል ወላጅ መሆን ነው።

ሦስተኛ፥ ልደቱንና ሠርጉን በማሳደጊያ ቤት ለማክበር ያሰበ፥ ኬኩንና ካሜራውን ትቶ ወጪውን ለቤቱ ሞግዚቶች ደመወዝ ያውለው። ሞግዚቷ ሳትለዋወጥ በሥራዋ ከጸናች ለሕፃኑ ከመቶ ጎብኚ ትበልጣለች።

አራተኛ፥ ማሳደጊያ የሚያስተዳድሩ፥ ይልቁንም በገዳማትና በአድባራት ሥር ያሉት፥ ማንነቱ ያልተመረመረ ሰው ከሕፃናት ጋር ብቻውን እንዳይሆን ሥርዓት ያድርጉ፤ ዘመድ ያላቸውንም ልጆች ዘመዳቸውን እየፈለጉ ይመልሱ። የልጆቹ ቁጥር መቀነስ ለቤቱ ውርደት ሳይሆን ምስጋና ነው። በየአብነት ትምህርት ቤቱ ቁራሽ ለምነው የሚማሩትን የቆሎ ተማሪዎችም አንዘንጋ፤ እነርሱም ከእናታቸው የራቁ ሕፃናት ናቸው። ለጎብኚ ካሜራ መታያ እንዳይሆኑ፥ በዓመት በዓልም ወላጆቻቸውን እንዲያዩ መርዳት ይገባናል።

የተወደዳችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታችሁ ከእንጦጦ ስትወርዱ፥ በመንገዱ ዳር ሸክሟን በድንጋይ ላይ አሳርፋ የምትተነፍስ እናት፥ በአጠገቧም የቆመ ልጅ ታገኛላችሁ። እርሱ ገና እጓለ ማውታ አይደለም። እንዳይሆን ማድረግ ለእኛ ተሰጥቷል። መጀመሪያ እናቲቱን እንደምን ዋሉ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤታቸውን እወቁ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ተመለሱ።

በሥጋ የጎበኘን አምላክ፥ ሳንሰለች የምንጎበኝበትን ልብ ይስጠን። ሕፃናትን በእናቶቻቸው፥ እናቶችንም በልጆቻቸው ያጽናናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።